ለአንድ የዳሌ ስብራት ይሄ ሁሉ ባለሙያ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እናትህ 81 ዓመታቸው ነው፣ እስከ ትናንት ድረስ በራሳቸው እግር ወጥተው ይገቡ ነበር፣ ትናንት ከመኝታ ሲነሱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፣ የአጥንት ሐኪሙ ነገ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ አለ። ከዛ ግን የአረጋውያን ሐኪም ነኝ የሚል መጣ፣ የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ) ሐኪም መጣ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የምግብ ባለሙያ፣ ሶሻል ወርከር፣ ሁሉም ስለ መድኃኒታቸውና ስለ አካሄዳቸው አንድ አይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ታላቅ ወንድምህ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ምን ኦፕራሲዮን ነው፣ መጀመሪያ ልባቸውና ግፊታቸው ይስተካከል ይላል። ማታ ላይ እናትህ ማይሆን ነገር ማውራት ጀመሩ፣ ስምህንም ሳቱት። እና የጠየቅከው "አንድ አጥንት ለመጠገን ይሄ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል፣ እውነት ያስፈልጋል ወይስ ማንም ኃላፊነት እንዳይወስድ ነው?" ነው።

እኔ የአረጋውያን ሐኪም ነኝ፣ የምሰራውም ከአጥንት ሐኪሞች ጋር እዛው አንድ ዋርድ ላይ ነው፣ ቀኔ የሚያልፈው እንደ እናትህ ባሉ ሰዎች አልጋ አጠገብ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብመልስልህ ታገሰኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። በዚህ በሽታ ውስጥ አጥንቱ ቀላሉ ክፍል ነው። የጭን አጥንቱ አንገት ላይ ከሆነ የተሰበረው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን አውጥተው በብረት ይተኩታል፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ በብሎንና በብረት ወይ አጥንቱ ውስጥ በሚገባ ዘንግ ያስሩታል፣ ልምድ ያለው ሰርጅን በአንድ ሰዓት አካባቢ ይጨርሰዋል። ግን ደህና መዝገብ የሚይዙ አገሮችን ብታይ፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ 100 አረጋውያን ውስጥ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር፣ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ፣ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ እንደ ድሮው አይራመዱም። ይሄን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም፣ የሚሞቱት ብረቱ ስለተበላሸ አለመሆኑን እንድታውቅ ነው። የሚገድላቸው የሳምባ ምች ነው፣ ልብ ነው፣ የደም መርጋት ነው፣ አለመብላት ነው፣ ከአልጋ አለመነሳት ነው። ሰርጅኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ ይሄዳል፣ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሥራው እዛ ስለሆነ ነው። ታዲያ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሽንታቸው ሲቆም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲቃዡ፣ ሶስት ቀን ሙሉ ትሪያቸው ሳይነካ ሲመለስ ማን ነው የሚያየው? ይሄ ጥያቄ ነው ቲሙን የፈጠረው።

ሀሳቡም አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሄስቲንግስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች፣ እዛ ማይክል ዴቫስ የሚባል የአጥንት ሐኪምና ቦቢ ኧርቪን የሚባል የአረጋውያን ሐኪም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ) አብረው አንድ ዋርድ ላይ መዞር ጀመሩ። ያኔ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ለወራት አልጋ ላይ መተኛቱ እንደ ተራ ነገር ነበር የሚታየው። እነሱ ያደረጉት በሽተኛውን ቶሎ ኦፕራሲዮን አድርጎ ቶሎ በእግሩ ማቆምና ሌላ ሌላ በሽታውን ደግሞ ያን ጊዜውኑ የሚያይ ሰው አጠገቡ ማድረግ ነው። ዛሬ እናትህ አልጋ ዙሪያ የምታያቸው ሰዎች የዛ ልጆች ናቸው ማለት ትችላለህ።

አሁን ወደ ወንድምህ ጥያቄ፣ ምክንያቱም ጊዜ የሚሻማው እሱ ነው። "መጀመሪያ ይስተካከሉ" የሚለው ነገር ሲሰሙት ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን ያልታሰረ ስብራት ይዞ መተኛት እረፍት አይደለም። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ያማቸዋል፣ ስብራቱ ይደማል፣ ሕመሙ ትንፋሻቸውን ያሳጥረዋል፣ ሳምባ ታች አክታ ይጠራቀማል፣ ጀርባና ተረከዝ ላይ የመኝታ ቁስል ይጀምራል፣ ጡንቻ በየቀኑ ይቀልጣል። ስለዚህ የእንግሊዝ መመሪያ በመጡበት ቀን ወይ በማግስቱ ይደረግ ይላል፣ እዛ ከ2010 ጀምሮ ሆስፒታሎች ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኙ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ በ36 ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን መደረጉ ነው፣ ሌላው ደግሞ የአረጋውያን ሐኪም ማየቱ ነው። እዚህ ላይ ግን ሐቁን ሙሉ ልንገርህ፣ በ17 አገሮች 69 ሆስፒታሎች ውስጥ 2970 ሰው ላይ የተደረገ ሂፕ አታክ የሚባል ጥናት በ2020 ወጥቶ ነበር፣ ግማሹን ስብራቱ በታወቀ በ6 ሰዓት ገደማ ሌላውን በ24 ሰዓት ገደማ ኦፕራሲዮን አድርገው ሞት ላይ ልዩነት አላገኙም። መቃዠቱ ግን በፈጠኑት ላይ ቀነሰ፣ የሽንት ኢንፌክሽኑም ቀነሰ፣ ቶሎ ቆሙ ቶሎም ወጡ። ስለዚህ ሌሊቱን እየሮጡ መግባት ግዴታ ነው አልልህም፣ ነገ ከተባለ ነገ ጥሩ ነው፣ ግን ነገ ወደ ከነገ ወዲያ፣ ከነገ ወዲያ ወደ ሳምንት እንዳይንሸራተት ነው መጠበቅ ያለብህ።

መዘግየት የሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች አሉ እኮ። ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ ከሆነ፣ ደማቸው በጣም ወርዶ ከሆነ፣ ልባቸው ተዛብቶ በጣም እየፈጠነ ከሆነ፣ ሳምባቸው ውሃ ቋጥሮ ከሆነ፣ የደም ጨው በጣም ተዛብቶ ከሆነ ይስተካከላል፣ ብዙውን ግን በሰዓታት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል፣ የአረጋውያን ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ ሳይደረግ በፊት የሚመጣውም ለዚህ ነው። ሕመም ላይ ያለ ሰው ግፊቱ ከፍ ማለቱ ግን ያለ ነገር ነው፣ እሱ ብቻውን ቀን የሚያስቆጥር አይደለም።

ይሄን ጠንከር አድርጌ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ገና ጀማሪ ሐኪም እያለሁ፣ ሌላ ቦታ፣ አንዲት እናት የልብ ድምፃቸው ላይ የሆነ ነገር ተሰምቶ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳ ተባለ፣ ተራ እስኪደርስ 5 ቀን ተኙ። ውጤቱ መጣ፣ የኦፕራሲዮኑን ሁኔታ ምንም አልቀየረውም። በ5 ቀኑ ውስጥ ግን ጀርባቸው ቆስሎ ሳምባቸው ታሞ ነበር፣ ከሆስፒታሉም በሕይወት አልወጡም። እስካሁን የሚቆጨኝ ምን መሰለህ፣ ማንም የሰነፈ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም የየራሱን ጠይቆ የየራሱን ጽፎ ነበር፣ እኔም ጭምር። እሳቸውን ግን እንደ አንድ ሙሉ ሰው የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ "ኃላፊነት እንዳይወስዱ ነው ወይ" ያልከው ጥያቄ ከባድና ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሰው ብዙ ስለመጣ ብቻ ቲም አይሆንም።

እንዴት ትለየዋለህ? ነገ ጠዋት ዋርዱ ላይ ያለውን ሐኪም ወይ ኃላፊ ነርሷን በትህትና "ስለ እናቴ አጠቃላይ ሁኔታ በየቀኑ የምጠይቀው ማንን ነው?" በላት። አንድ ስም ከነገሩህ፣ ያ ሰው ደግሞ በየቀኑ የሚያያቸው ከሆነ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ሰርጅኑ ያለውን የምታውቅ ከሆነ፣ ነርሷ የአረጋውያን ሐኪሙ ትናንት ያቋረጠውን መድኃኒት የምታውቅ ከሆነ ቲም አላቸው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ምክር ጽፎ የሚሄድ ከሆነና ምክሩን ማን እንደሚፈጽመው ካልታወቀ ግን አንተ ጠያቂ መሆን አለብህ። የአረጋውያን ሐኪም የሌለበት ሆስፒታል ብዙ ነው፣ እዛ ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወይ በዚህ የሰለጠነች ነርስ ቦታውን ሊሸፍኑ ይችላሉ፣ ዋናው ሥራው መሰራቱ ነው። ጥያቄው መደጋገሙን በተመለከተ፣ ትንሽ ትዕግስት እንዲኖርህ እለምንሃለሁ፣ አንዱ ጋ ያልተነገረ የእንቅልፍ ኪኒን ሌላው ጋ ይወጣል፣ በተለይ መድኃኒት ላይ። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም የባህሉንም ጭምር፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፍና አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ።

መቃዠታቸው። እንዳስደነገጠህ ይገባኛል፣ ስምህን ሲስቱት ልብ ይሰብራል። ይሄ ዴሊሪየም ይባላል፣ አእምሯቸው ሄዶ አይደለም፣ በአንድ ሌሊት የመርሳት በሽታ ያዛቸው ማለትም አይደለም። ያረጀ አንጎል ሕመም፣ የውሃ ጥም፣ የሽንት መቋጠር፣ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አዲስ መድኃኒት፣ እነዚህ ሲደራረቡበት ይዛባል፣ ዳሌ በተሰበረባቸው አረጋውያን ላይ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። ደስ የሚለው ግን የተወሰነውን መከላከል ይቻላል፣ አሜሪካ ውስጥ በ2001 የወጣ አንድ ጥናት 126 በሽተኞችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ የአረጋውያን ሐኪም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ በየቀኑ እንዲያያቸው አደረገ፣ ዴሊሪየም ከ50 ፐርሰንት ወደ 32 ፐርሰንት ወረደ። ምንም ተአምር መድኃኒት አልሰጡም፣ ያደረጉት ኦክስጅኑን ማየት፣ ፈሳሹን መሙላት፣ ሕመሙን ማስታገስ፣ አላስፈላጊ መድኃኒት ማቆም፣ ሽንትና ሆዳቸውን መከታተል፣ እንዲበሉና እንዲነሱ ማድረግ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እኔ ሙያዬን የምወደው በዚህ ነው፣ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ትናንሽ ከሚመስሉ ነገሮች ነው።

እና እዚህ ላይ አንተ ከእኛ ትበልጣለህ። መነጽራቸውን አምጣ፣ የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው አምጣ፣ ጥርሳቸውንም። ቀን መጋረጃው ይከፈት ብርሃን ይግባ፣ ሌሊት ደግሞ ጨለማና ጸጥታ። ሲቃዡ አትከራከራቸው፣ "እንዲህ አይደለም እማዬ" እያልክ አታርማቸው፣ እጃቸውን ይዘህ ማን እንደሆንክና የት እንዳሉ ቀስ ብለህ ንገራቸው፣ ካልገባቸውም ድምፅህ ይበቃቸዋል። አልጋ ላይ እጃቸውን ማሰር ወይ ቶሎ እንቅልፍ መርፌ መውጋት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል፣ እንዲህ ሊደረግ ከሆነ ለምን ብለህ ጠይቅ። አንድ ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ የሚጮኸው ብቻ አይደለም ዴሊሪየም፣ ጭልጥ ብለው ዝም ያሉት፣ "ዛሬ እንኳን ተረጋግተዋል" የሚባልላቸው፣ አይናቸውን ከፍተው የማያዩህ ናቸው ብዙ ጊዜ የሚያመልጡን። እናትህን የምታውቃቸው አንተ ነህ፣ "እናቴ እንዲህ አልነበረችም" ማለትህ ለእኛ እንደ ላብራቶሪ ውጤት ነው።

ሕመም ላይ ቤተሰብ የሚሳሳተው፣ ጠንካራ ማስታገሻ ያቃዣል ብሎ እንዳይሰጣቸው መከልከሉ ነው። ብዙ ከተሰጠ ያቃዣል እውነት ነው፣ ግን ያልታገሰ ሕመምም ያቃዣል። ለዚህ ነው የአንስቴዥያ ሐኪሙ ብሽሽታቸው አካባቢ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ ልስጥ ያለው፣ ያ ነገር ጠንካራውን መድኃኒት በጥቂቱ እንድንጠቀም ያደርገናል፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ይሰጣል፣ እሺ በሉ። ሙሉ ማደንዘዣ ይሁን ወይስ ከወገብ በታች ብለህም ጠይቀሃል። በ2021 የወጣ 1600 ሰው ያካተተ ጥናት አለ፣ በ60 ቀን ውስጥ ሞትም ይሁን መራመድ አለመቻል፣ መቃዠቱም ጭምር፣ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ስለዚህ እሱን ለአንስቴዥያው ሐኪም ተወው፣ እናትህን አይቶ ይመርጣል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ኦፕራሲዮን ሳይደረጉ ምን ትሰራለች ላልከው፣ ድሮ እንዴት ይራመዱ እንደነበር ማወቅ ስላለባት ነው፣ ግቧን ከዛ ተነስታ ነው የምታወጣው። በማግስቱ ከአልጋ ልታስነሳቸው ትመጣለች፣ አትቆጣት። "ትናንት ተቀደው ዛሬ እንዴት ይቆማሉ፣ ይረፉ እንጂ" የማይል ቤተሰብ አይቼ አላውቅም፣ ከፍቅር ነው። ግን ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው እኮ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው እንዲቆሙበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰርጅኑ ሌላ ነገር ካላለ በስተቀር ብረቱ ይችላቸዋል። ከመነሳታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ማስታገሻ እንዲወስዱ ነርሷን አስታውሳት፣ ያመማቸው ሰው አይነሳም። የሽንት ቱቦ ከገባላቸው ደግሞ መቼ እንደሚወጣ ጠይቅ፣ ቱቦው ኢንፌክሽን ያመጣል፣ እንደ ሰንሰለትም አልጋ ላይ ያስራቸዋል።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ምን ያመጣል ካልክ፣ ኖርዌይ ትሮንድሃይም ውስጥ የተደረገው ጥናት ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ነው። 397 ሰዎች፣ ሁሉም 70 ዓመትና ከዛ በላይ፣ ሁሉም በቤታቸው ይኖሩ የነበሩ። ኦፕራሲዮኑ ለሁሉም ያው ነው፣ የተለየው የተኙበት ዋርድ ነው፣ ግማሹ የተለመደው የአጥንት ዋርድ፣ ግማሹ ደግሞ የአረጋውያን ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስትና ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (እንደ መልበስና መታጠብ ያለውን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያለማምድ ባለሙያ) በአንድነት የሚሰሩበት ዋርድ። ከ4 ወር በኋላ በቲም የታከሙት በተሻለ ይንቀሳቀሱ ነበር፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤታቸው የሄዱትም 25 ፐርሰንት ነበሩ፣ በሌላው ወገን 11 ፐርሰንት። ውጤቱ በ2015 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ያው ብረት፣ ያው ስብራት፣ ግን ከ4 ወር በኋላ የሚራመደው ሰው ሌላ።

የምግብ ባለሙያዋንም በቀላሉ አትያት። ካርዲፍ በምትባል የዌልስ ከተማ ውስጥ ዳሌያቸው ለተሰበረ ሴቶች ሥራዋ ማብላት ብቻ የሆነች ረዳት ቀጥረው ነበር፣ የሚወዱትን የምትጠይቅ፣ የምትቆርስላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጣ የምታበረታታ። 302 ሴቶች ነበሩ፣ እሷ ከነበረቻቸው ውስጥ ዋርዱ ላይ የሞቱት 4.1 ፐርሰንት፣ ካልነበረቻቸው 10.1 ፐርሰንት። አንድ ማንኪያ የያዘ ሰው! ስለዚህ በምግብ ሰዓት ከቤተሰብ አንዱ ይኑር፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡና በጥቂት በጥቂቱ። ለኦፕራሲዮኑ ሲጾሙም ከሌሊቱ ጀምሮ ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ መዋል አያስፈልግም፣ አብዛኛው መመሪያ እንደ ውሃ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳል፣ ሐኪሙን ጠይቀህ አድርግ። ተራቸው ለሌላ ቀን ከተላለፈ ደግሞ ወዲያው ምግብ እንዲመጣላቸው ንገር፣ ስንቱ ተረስቶ በባዶ ሆዱ ሲውል አይቻለሁ።

ወንድምህ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ግን አልልም። ኦፕራሲዮን የማይጠቅማቸው ሰዎች አሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2022 የወጣ ጥናት በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ፣ በጣም የደከሙ፣ ሕይወታቸው ወደ ማብቂያው የተጠጋ ሰዎች ላይ ነበር፣ ሐኪምና ቤተሰብ ተማክረው ሕመማቸውን እያስታገሱ ኦፕራሲዮን አለማድረግን የመረጡት የኑሮ ጥራታቸው ኦፕራሲዮን ከተደረጉት አላነሰም። በእርግጥ አብዛኞቹ ቶሎ ሞተዋል፣ ያንን አውቀው ነው የመረጡት። እንዲህ ያለውን ምክክር በወጉ ለማድረግም እኮ ያው ቲሙ ነው የሚያስፈልገው። እናትህ ግን እስከ ትናንት በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ሰው ናቸው፣ እንደጻፍክልኝ ከሆነ ከእነዛ ውስጥ አይደሉም። ዋናው ግን እሳቸው ራሳቸው የሚሉት ነው፣ ጠዋት ረጋ ሲሉ ጠይቋቸው፣ ሁለታችሁ ብቻ አትወስኑ።

ከወጡ በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር እንዳይረሳ። አንዱ ለምን ወደቁ የሚለው ነው። ከመኝታ ሲነሱ ነው የወደቁት ብለሃል፣ ሲነሱ ግፊታቸው ይወርድ ይሆን፣ የግፊት መድኃኒቱ በዝቶ ይሆን፣ የእንቅልፍ ኪኒን ይሆን፣ አይናቸው ይሆን፣ ተኝተውና ቆመው ግፊታቸው እንዲለካ አድርግ። ሁለተኛው አጥንታቸው ነው። በቁመት ልክ ወድቆ ዳሌ ከተሰበረ አጥንቱ ሳስቷል ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ መድኃኒት አለው። በ2007 የወጣ ጥናት ከዳሌ ስብራት በኋላ በ3 ወር ውስጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል የአጥንት መሳሳት መድኃኒት በዓመት አንዴ በደም ስር የወሰዱት ላይ አዲስ ስብራት በ35 ፐርሰንት፣ ሞት ደግሞ በ28 ፐርሰንት ቀንሶ አገኘ። ከመስጠታቸው በፊት ኩላሊታቸውንና ቫይታሚን ዲና ካልሲየማቸውን ያያሉ። ብዙ ቦታ ግን ስብራቱ ተጠግኖ አጥንቱ ሳይታከም ነው ሰው ወደ ቤቱ የሚሸኘው፣ ስለዚህ ሳትወጡ "የአጥንት መሳሳቱ ሕክምና መቼ ይጀመራል" ብለህ ጠይቅ፣ መልሱንም በመውጫ ወረቀቱ ላይ ያጽፉልህ።

ሶሻል ወርከሯ ገና ከአሁኑ ስለ ቤታችሁ ደረጃና ማን አብሯቸው እንደሚያድር መጠየቋም ለዚህ ነው፣ የመውጫው ዝግጅት የሚጀምረው በገቡበት ቀን ነው። እውነቱን ንገራት፣ "እኛ እንችላለን" ብሎ መሸፋፈን በኋላ እሳቸውን ነው የሚጎዳው፣ ማንሳት የማትችሉ ከሆነ አትችሉም።

አሁን ማታ ስለሆነ ዛሬ የምታደርገው መነጽራቸውንና የመድኃኒቱን ወረቀት ማምጣት ነው፣ እና ወንድምህ ነገ ጠዋት የአረጋውያን ሐኪሙ በሚዞርበት ሰዓት እዛ ይኑር፣ ያንን የልብ ጥያቄውን ለእሱ ራሱ ይጠይቀው። ከኦፕራሲዮን ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆሙ ደግሞ ጻፍልኝ፣ እስከዛ ልቤ እናንተ ጋ ነው።